ወረፋ የያዙት ድንጋዮች

ወደ ጨፌ ቡርቃ የመጣው የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ድንጋዮቹን አሳፍሮ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ነው። ባቡሩ በሰዓቱ መጣ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ወረፋ ይዘው ያደሩት ድንጋዮች በየተራቸው ገቡ፣ በሮቹ ተዘጉ። ባለቤቶቻቸው ፊታቸውን ታጥበው፣ ቁርሳቸውን ቀማምሰው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲደርሱ ያዩት የባቡሩን ጀርባ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የጣቢያውን መድረክ አርሶታል፤ ድንጋዮቹ ያደሩበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ከመሳፈሪያው እስከ አጥሩ ድረስ በመስመር ይታያል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ስለሚባል፣ ወሩም ነሐሴ ስለነበረ፣ ሰዉ ብዙም አልተደነቀም።

በጨፌ ቡርቃ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነው። ቦኖ ውሃ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ዘይትና ስኳር የሚታደልበት ሱቅ በር ላይ፣ ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ማለት ባለቤቱ ማለት ነው። የሰው ድንጋይ በእግሩ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ይቅርታ ብሎ፣ ወደ ቦታው ይመልሳል። ይቅርታው የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ አንዳንድ ጥንቁቅ ሰዎች ግን ድንጋዩንም ይጠይቃሉ። ከተማዋ በዚህ ትኮራለች። በሌላው አገር ሰው ለወረፋ ሲቧቀስ በጨፌ ቡርቃ ድንጋዮች በሰላም ተሰልፈው ያድራሉ።

ወይዘሮ አሰገደች የባሏን የይርጋን ድንጋይ ያስቀመጠችው እሑድ ከሰዓት፣ ከከተማው ሁሉ ቀድማ ነበር። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሌላው እንዲለይ ቀይ ክር አስራበታለች። ይርጋ ጉልበቱን የጨረሰው ከጨፌ ቡርቃ ዋናው ከተማ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲነዳ ነው፤ «መንገዱ ኩላሊቴን በላው» ይላል። ይብላው አይብላው ሐኪም ያውቃል፤ ብቻ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ዋናው ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ነገር ግን አውቶቡሱ በጭቃ ይያዛል፣ በኬላ ይቆማል፣ መንገድ ላይ ይበላሻል፤ ይርጋ ሲደርስ ተራው አልፏል፣ ወይ ማሽኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ተሸራርፏል። እግሮቹ አብጠዋል። ሐኪሙ «እንደዚህ እየተቆራረጠ ከቀጠለ አይቆዩም» ብሎ በግልጽ ነግሯታል። ባቡሩ ለሌላው ሰው ምቾት ነው፤ ለአሰገደች ግን የባሏ ነፍስ ነው።

ባቡሩ ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የመጣ ባቡር አይደለም። መጀመሪያ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ የመሠረት ድንጋይ ጣለ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ድንኳኑ ተነቀለ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ባለሥልጣን መጥቶ ከመጀመሪያው አጠገብ ሌላ የመሠረት ድንጋይ ጣለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እየተባለ ሲቀለድበት ኖሮ ድንገት ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ጣቢያው ተሠራ። ባቡሩ ይጀምራል በተባለበት ሳምንት አውቶቡሶቹ ወደ ሌላ መስመር ተዛወሩ። «እናንተማ ባቡር አላችሁ» ተባለ።

አሰገደች ያን ሰኞ ጠዋት ይርጋን ደግፋ መድረኩ ላይ ቆማ የራቀውን ባቡር አየች። ከዚያ ባሏን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወደ ጣቢያው ሹም ሄደች። ሹሙ ክፍሌ ይባላል። አዲስ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ የሰው ስም ቶሎ የሚይዝ፣ ትሑት ሰው ነው።

«ድንጋዮቹን እኮ ነው ያሳፈርከው!» አለችው።

«ወረፋ ላይ የነበረውን ነው ያሳፈርኩት፣ እትዬ።»

«ድንጋይ ናቸዋ! ድንጋይ!»

«የእርስዎ የትኛው ነበር?»

«የባለቤቴ። ፊት የነበረው፣ ቀይ ክር ያለው።»

የክፍሌ ፊት በራ። «እሳቸውማ በመስኮት በኩል ነው የተቀመጡት» አለ። «ጥሩ ቦታ ደርሷቸዋል።»

ይርጋ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ሳቀ። እሱ እንደዚህ ነው፤ መሳቅ የሌለበት ቦታ ይስቃል።

ማታ ባቡሩ ተመለሰ። ድንጋዮቹ እንደ አገባባቸው በተራ ወረዱና የጠዋት ቦታቸውን ያዙ። አሰገደች የይርጋን ድንጋይ ጎንበስ ብላ አየችው። ክሩ በቦታው አለ። ከክሩ ዝቅ ብሎ ጥጥ ተደርጎበት በፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩን ልጣ ስታይ ትንሽ ደም ነበረው።

ብዙም ሳይቆይ ከሆስፒታሉ ተደወለ። የደወለችው ይርጋን ሁልጊዜ የምታስተኛው ነርስ ናት፤ ሲስተር ፍሬሕይወት።

«እንዲያው ደስ ብሎኝ ነው የደወልኩት» አለች። «ጋሼ ይርጋ ዛሬ በሰዓታቸው ደርሰው ሙሉውን ታጥበው ሄዱ። እንደ ሌላ ጊዜም አልተነጫነጩብኝም፤ ውሃ ስጡኝም አላሉ።»

«ይርጋ እዚህ ነው ያለው» አለች አሰገደች።

«በሰላም ገቡ? እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ነርሷና ዘጋች።

ረቡዕ አሰገደች ሌላ ዘዴ ዘየደች። ይርጋን ከድንጋዩ ጎን አቆመችው። በሩ ተከፈተ፤ ድንጋዩ ገባ፤ ይርጋ እግሩን ሲያነሳ ሁለተኛው ድንጋይ ቀደመው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ ሌላው። ወንበሩ ሲሞላ በሩ ተዘጋ። አሰገደች በመዳፏ መስተዋቱን ደበደበች። ማንም አልከፈተም።

«ለምን እሱን አታስገባውም? ሰው አይደለም?» ብላ ክፍሌ ላይ ጮኸች።

«እትዬ፣ የወረፋውን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ስመጣ ነው ያገኘሁት» አለ ክፍሌ። «ወረፋ የያዘ ነገር ከማታ እስከ ጠዋት ከቦታው አይነቃነቅም። ሰው ግን ይነቃነቃል። ያስለዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ ይዘንብበታል።»

«በቃ ድንጋዩን አነሳዋለሁ።»

ይህን ስትል ከኋላዋ ጎረምሳውም አሮጊቱም አጉረመረመ። ጎረቤቷ ጋሽ ጉደታ ጠጋ አለ። ዋናው ከተማ ጫማ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በደህና ቀን ለይርጋ ቤት እንደ ወንድም የሆነ ሰው ነው።

«አሰገደች፣ ድንጋይ አይነካም። ካነሳሽው ቦታው ተለቀቀ ማለት ነው፤ ከኋላ ትጀምሪያለሽ» አላት። የወረፋው ጭራ ያኔ ከጣቢያው ወጥቶ፣ በገበያው ዞሮ፣ ወንዙ ድልድይ ላይ ደርሷል።

«አንተስ ሥራህን እንዴት አደረግኸው?»

ጉደታ አፈር ብሎ ፈገግ አለ። «ድንጋዬ ይገባል። ትናንት አለቃዬ ደውሎ አመሰገነኝ። ‹ጉደታ፣ አሁን ሰው ሆንክ፤ አፍህን ዘግተህ ዋልክ› አለኝ።»

እውነቱን ለመናገር ከተማው ነገሩን ለምዶት ነበር። ድንጋዮቹ ጠዋት ሄደው ማታ ይመጣሉ፤ ደመወዝ እንደ ወትሮው ይገባል፤ ተማሪ ሳይማር ያልፋል፤ ቀጠሮ ያለው ቀጠሮው ይከበርለታል። ሰዉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። ቀስ በቀስ ከመቀመጫው ለመነሳት ሲል መቃተት ጀመረ፤ ወንበሮች በየቤቱ ተሰባበሩ። ጉደታ የቤቱን ደረጃ ሲወጣ እርከኑ ተሰነጠቀ። ይህንንም ሰው ለመደው። አሰገደችን ከምንም በላይ ያበገናት ይኸው ነው። ባለሥልጣኑ ቢንቃቸው፣ ሹሙ ቢያላግጥባቸው፣ ይህ የነበረ ነው። እነሱ ግን በገዛ እጃቸው ያስቀመጡት ድንጋይ ሲቀድማቸው «ወረፋ ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እያለች ትሳደባለች፤ ባለቤቱ ራሱን ከናቀ ደግሞ ማን ምን ያድርገው እያለች ትጨምራለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ዕለት ባጃጅ ለመነች። ባለባጃጁ ዋናው ከተማ ድረስ አይሄድም ነበር፤ ጣሪያው ላይ ወጥቼ እጮሃለሁ ስትለው ሄደ። ዋናው መንገድ ለሐዲዱ ሥራ ተቆፍሮ ስለነበር በእርሻ መንገድ፣ በጎርፍ ቦይ፣ ይርጋ በየጉድጓዱ «ወይኔ» እያለ፣ ሆስፒታሉ ደረሱ። አሰገደች ባሏን ተሸክማው ነው ማለት ይቻላል የእጥበት ክፍሉን በር በትከሻዋ የከፈተችው።

የይርጋ አልጋ ተይዟል። ድንጋዩ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ሁለቱ ቱቦዎች ተሰክተውበታል፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ቀይ ደም ይሄዳል፣ ይመለሳል። ማሽኑ በርጋታ ይዞራል። ሲስተር ፍሬሕይወት ክሩ እንዳይጠብቅበት ላላ አድርጋ አስራዋለች።

«ሲስተር፣ ይርጋ መጥቷል» አለች አሰገደች።

ነርሷ አልጋውን አየች፤ በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ አየች። የተቸገረች ትመስላለች። «እትዬ፣ ጋሼ ይርጋ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናቸው። ለአንድ ሰው ያለው አንድ ማሽን ነው። ሁለት ይርጋ ማጠብ አልችልም።»

«እሱ ድንጋይ ነው! ይሄ ነው ይርጋ! ዓይንሽ አያይም?»

«ደማቸው እኮ በጣም ጥሩ ነው» አለች ነርሷ። «ውጤታቸውን ላሳይዎት?»

አሰገደች ቱቦውን ለመንቀል ስትዘልል ሁለት ዘበኞች ያዟት። ይርጋ ግድግዳውን ተደግፎ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየ። «ደህና ይመስላል» አለ በመጨረሻ። «ፊቱ ጠርቷል።»

በዚያው ባጃጅ ተመለሱ። ይርጋ በመንገድ ላይ አልቀለደም።

ከዚያ ወዲህ ያለው እንዲህ ነው። ድንጋዩ ሞቀ። አሰገደች ማታ ማታ ወረፋው ላይ ሄዳ እጇን ስታሳርፍበት ሙቀቱ ተሰማት፤ ስትጫነው እንደ ቂጣ ሊጥ ትንሽ ይሰረጉዳል፤ ስትለቀው ይመለሳል። ቤት ስትገባ ደግሞ ይርጋ ቀዝቅዟል። መጀመሪያ እግሮቹ ከበዱ፣ ከዚያ ወገቡ። ቆዳው አመድ መሰለ፤ ከዚያ ጠቆረ። አልጋው ሲሰበር ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፈችለት። ውሃ ውሃ ይላል፤ ሐኪሙ ከአንዲት ስኒ በላይ ስለከለከለው ስኒዋን በከንፈሩ ይዞ ይቆያል እንጂ አይጨርሳትም። በኋላ ስኒዋንም መያዝ ተወ። አሰገደች ባሏ እየሞተ መሆኑን አወቀች። የሚሞተውም ባቡር ስለመጣለት ነው። ይህ ሲገባት ጥርሷን ነክሳ ጓዳ ገባችና የምጣድ ክዳን አንስታ ግድግዳ ላይ ወረወረች። ክዳኑ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። ምንም አልረዳትም።

በዚህ መሀል፣ ባቡሩ በማይሄድበት እሑድ፣ አንድ ባለሥልጣን መጣ። ባቡሩ ወደ ቀጣዩ ከተማ ሊቀጥል ስለሆነ ሌላ የመሠረት ድንጋይ ሊጥል ነው። ከወረፋው አጠገብ ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ የታሸገ ውሃ ታደለ። የጨፌ ቡርቃ ሰው እየተጎተተ መጣ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ከሥሩ ተሰበሩ፤ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ አዳመጠ።

«የዚህ ከተማ ሕዝብ ሥነ ሥርዓት ለአገር አርአያ ነው» አለ ባለሥልጣኑ። «ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ አንድ ተሳፋሪ ቅሬታ አላቀረበም። አንድ ተሳፋሪ ወለል ላይ አልተፋም። አንድ ተሳፋሪ አልዘገየም።»

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ድንጋይ ከድንጋይ እንደሚጋጭ ያለ ድምፅ ነበረው።

አሰገደች ተነሳች። ድምፅ ማጉያ አልሰጧትም፤ አላስፈለጋትምም።

«ባሌ እየሞተ ነው!» አለች። «የምታመላልሱት ድንጋይ ነው! ባዶ ወንበር ቢሄድ ይሻል ነበር፤ ባዶ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥበታል! አውቶቡሳችንን ነጠቃችሁን፣ መንገዳችንን ቆፈራችሁ፣ አሁን መጥታችሁ ምስጋና ትለቅማላችሁ! አታፍሩም?»

ባለሥልጣኑ ጎንበስ ብሎ ክፍሌን አንድ ነገር ጠየቀው። ክፍሌ በትሕትና መለሰለት። ባለሥልጣኑ ቀና አለ።

«እናታችን ስሜታቸው ይገባናል» አለ። «ነገር ግን ባለቤታቸው በሳምንት ሦስቱንም ቀን፣ አንድም ሳይቀሩ፣ አንደኛ ሆነው የሚሳፈሩ መንገደኛ መሆናቸውን ከጣቢያው ተረድቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

እንደገና ተጨበጨበ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አሰገደች ግን እንባ አልመጣላትም፤ የመጣባት ንዴት ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር ያለውን የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳችና እጇን ወደ ኋላ ሳበች።

«ኧረ እኔን ነው ያነሳሽው!» ብሎ ጮኸ ጉደታ። «አስቀምጪኝ፣ በማርያም!»

አስቀመጠችውና ሌላ አነሳች።

«እሱ ልጄ ነው» አለች አንዲት ሴት፣ ሳትቆጣ።

ሌላ አነሳች።

«እናቴ ናቸው፣ እትዬ። ነገ የዓይን ቀጠሮ አላቸው።»

አሰገደች ከድንኳኑ ወጥታ በአጥሩ ሥር ሄደች፣ በገበያው ሄደች፣ ወንዙ ዳር ወረደች። ጎንበስ ባለች ቁጥር ከአንዱ በረንዳ ወይም ከአንዱ መስኮት ሰው ስሙን ይነግራታል። በጨፌ ቡርቃ ያልተያዘ ድንጋይ አልነበረም። የማንም ያልሆነው አዲሱ የመሠረት ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሲሚንቶ ተጣብቋል። ተመልሳ በጥፍሯ ሞከረችው። ባለሥልጣኑ ያኔ ሄዷል።

ቤት ስትገባ ይርጋ ዓይኑን ገልጦ ጠበቃት። ለመናገር ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

«ወረፋው ላይ አስቀምጪኝ» አላት።

«ዝናብ ነው፣ ይርጋ።»

«አይሰማኝም። አሁን መነቃነቅ ትቻለሁ። አሁን ያሳፍሩኛል።»

አሰገደች ብዙ አሰበች። ሌላ መንገድ ግን አልነበረም። ሲመሽ ጎረቤቶቿን ጠራች። የሲሚንቶ ጋሪ አመጡ፤ እነሱም ከብደው ስለነበር ጋሪው ይርጋን ሲጭን ከግፊያቸው ይልቅ የራሳቸው ክብደት ነው ያስኬደው። ሽማግሌዎች ተጠየቁ፤ ባለቤቱ በራሱ ድንጋይ ቦታ ቢቀመጥ ነውር የለውም አሉ። ይርጋን ከወረፋው ፊት አስቀመጡት። አሰገደች ጋቢ ልታለብሰው ስትል «ተዪው፣ እንዳልነቃነቅ» አላት። ድንጋዩን በጋቢው ጠቅልላ ይዛ ሄደች። እንደ ሕፃን ይሞቃል። ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ እየጠላችውም ነበር፤ ግን እንዳይበርደው ጋቢውን ሳታስበው አጠበቀችው። ለዚህም ራሷን ተቆጣች። ከይርጋ ባዶ ፍራሽ አጠገብ ወለሉ ላይ ጣለችው።

ጠዋት ባቡሩ ሲመጣ ይርጋ አልተነቃነቀም ነበር። ክፍሌ ጎንበስ ብሎ አየውና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ተከፈተ፤ ይርጋ ገባ። አሰገደች በመስኮት በኩል የባሏን ጎን አየች። አልዞረም። ያም ሆኖ ደስ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ በባቡር ሄደ፤ ዛሬ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ዛሬ ይታጠባል። ቤቷ ሮጣ ገብታ አንሶላውን አጠበች፣ ሾርባ ጣደች። ለራሷ ውሃ ልትቀዳ ስትል ማድጋው ባዶ ነው። ትናንት ሞልታው ነበር። ወለሉ ደረቅ ነው። ድንጋዩ ከጣለችው ቦታ ፈንጠር ብሎ ፍራሹ ላይ ነበር።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሲስተር ፍሬሕይወት። ድምፅዋ ቅር እንዳላት ያስታውቃል። «ጋሼ ይርጋ ዛሬ ቀርተዋል። በሳቸው ተራ የተላከልን ድንጋይ ነው።»

«ምን?»

«ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። መርፌ አልገባ አለው። ማሽናችን ላይ ድንጋይ አናስተኛም፤ መልሰነዋል። እባክዎ ነገ ራሳቸው ይምጡ፤ እስከ ዛሬ እንዴት ያለ ጥሩ ታካሚ ነበሩ!»

ሾርባው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

ማታ ይርጋ ከባቡሩ ወርዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። በእጁ ላይ የተጣመመ መርፌ በፕላስተር ተለጥፎ ቀርቷል። አሰገደች ደረቱ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ፊቱን በመዳፎቿ ያዘችው። ጠራችው። ከዚያ ቀና ብላ የተሰበሰቡትን ጎረቤቶች «አንሱልኝ፣ ቤቱ ይግባ፣ ለቅሶ ይቀመጥለት» አለቻቸው።

ማንም አልተነቃነቀም።

«አሰገደች፣ ቦታውን ያጣል» አለ ጉደታ። ከንፈሩ እምብዛም አይላወስም። «ስንት ለፍተሽ ነው ከፊት ያስቀመጥሽው።»

«ሞቷል እኮ!»

«ነገ ጠዋት ተራቸው ነው» አለ ክፍሌ። «እስከዚያ ምንም አይሆኑም፣ እትዬ። እኔ አያቸዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አሰገደች ድንጋዩን ታቅፋ መጣች። ጋቢውን ትታዋለች። ቀዩ ክር ክንዷ ላይ ይንጠለጠላል። ባቡሩ ቆሟል፣ ድንጋዮቹ እየገቡ ነው። ይርጋ ዛሬ አልገባም፤ አሰገደች ቀድማ ደርሳ፣ ድንጋዩን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ፣ በሁለቱም እጆቿ ወገቡን ይዛ ስለከለከለችው በቦታው ቀርቷል። የሱ ወንበር፣ በመስኮት በኩል ያለው፣ ባዶ ነው። በሮቹ ተዘጉ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

አሰገደች ድንጋዩን አንስታ ከመድረኩ ጫፍ ቆመች። ይርጋ ስለሞተ በከተማው ውስጥ ባለቤት የሌለው ብቸኛው ድንጋይ አሁን በእጇ ነው። ከጭንቅላቷ በላይ አነሳችው። ሙቀቱ በመዳፏ ውስጥ ቱክ ቱክ ይላል።

«አሰጉ» አለ ድንጋዩ። ድምፁ የይርጋ ነው፤ ያ የቅጥቅጥ ሾፌር ጎርናና ድምፅ፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራት ስም። «አሰጉ፣ አስቀምጪኝ።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። አንድ ፉርጎ አለፈ።

«ይርጋ ወረፋ ላይ ነው» አለችና ወረወረችው።

መስተዋቱ ተሰበረ። ድንጋዩ በተሰበረው መስኮት ገብቶ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ባቡሩ አልቆመም። ማንም አልጮኸም። በየመስኮቱ የተቀመጡት ድንጋዮች ግን፣ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እሷ ዞሩ።